በከፍታ አገር የአኳሪየም ዓሣ አያያዝ፦ ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ቤቶች

ስለ አኳሪየም ዓሣ የተጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ አሟምቶ ሊይዘው የሚችለው የኦክስጅን መጠንም አብሮ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በዚያው ሙቀት ባሕር ዳር ላይ ወደ 6.6፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ወደ 6.1 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሌላ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ሰው፣ ውሃው ምንም ያህል የጠራ ቢመስል ዓሦቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አየር በሚያጥርበት ቤት ማስገባቱ ነው። እኔ የምመክረው ከተጻፈው ቁጥር ቢያንስ ሩቡን ቀንሶ መጀመር ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ሁሉ ይህን የአየር እጥረት ታሳቢ ያደረገ ነው።

ኦክስጅን ወደ ውሃው የሚገባው በአብዛኛው ውሃው ከአየር ጋር በሚገናኝበት የላይኛው ገጽ በኩል ነው። በመሆኑም ለእኛ አገር የሚስማማው ቁመቱ የረዘመ ጠባብ ገንዳ ሳይሆን ሰፋና ዝቅ ያለው ነው። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው ለ1000 ሲካፈሉ፣ 128 ሊትር ይይዛል፤ የአሸዋው ቦታና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 100 ሊትር ያህል ይቀራል። ለጀማሪ ከዚህ የሚያንስ ገንዳ አልመክርም፤ በትንሽ ውሃ ውስጥ ሙቀቱም ቆሻሻው በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ትንሹ ገንዳ ከትልቁ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኩንታል ስለሚመዝን፣ መስታወቱና አሸዋው ሲታከሉበት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አይሸከመውም፤ ከብረት የተበየደ ጠንካራ ጠረጴዛ ማሠራት ይገባል። ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መሆን አለበት።

የአየር ፓምፕ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የከሰሉንና የዕጣኑን ጭስ ወደ ውሃው ያስገባዋል፤ ስለዚህ ፓምፑን ከረከቦቱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ፍሊት ነው። በብዙ የተባይ ማጥፊያ መርጫዎች ውስጥ የሚገኘው ፓይረትሮይድ የተባለው ንጥረ ነገር ለሰው ብዙም የማይጎዳ ሆኖ ሳለ በጣም በጥቂት መጠን ዓሣን ይገድላል። ገንዳው ባለበት ክፍል ውስጥ ፍሊት ጨርሶ አለመርጨት ነው እንጂ ሸፍኖ መርጨትን አስተማማኝ ጥንቃቄ አድርጌ አልቆጥረውም።

ውሃው ከየት ይመጣል?

የቧንቧ ውሃ ለአብዛኛው ሰው ቀላሉ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ለመጠጥ የሚጨመርበት ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ (ዓሣ የሚተነፍስበትን አካል) ያቃጥላል፣ በማጣሪያው ላይ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም በርሜል ቀድቶ 24 ሰዓት ክፍት ማቆየትና በመካከሉ ደጋግሞ ማማሰል፣ ወይም የአየር ፓምፕ ማስገባት፣ ክሎሪኑን ያባርረዋል። አፉ ጠባብ በሆነ ጀሪካን ውስጥ ግን ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም። በክረምት ወራት ምንጮችና ወንዞች ሲደፈርሱ የሚጨመረው ክሎሪን ሊበዛ ስለሚችል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃውን ሁለት ቀን ማቆየት ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበትን የክሎሪን ማርከሻ መጠቀም ይሻላል። ለመጠጥ ተብሎ «ውሃ አጋር» የተጨመረበትን ውሃ ወደ ገንዳ ማስገባት አይገባም፤ እሱም ክሎሪን ነው።

የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅኑ አነስተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱም ቢሆን አንድ ቀን አየር እየገባበት ሊቆይ ይገባዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተቀዳ የዝናብ ውሃን አልመክርም። የዝናብ ውሃ ማዕድን የሌለው ለስላሳ ውሃ በመሆኑ ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር) በቀላሉ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክም ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ ደግሞ በለስላሳ ውሃ ውስጥ ለዓሣ ይበልጥ መርዛማ ነው። ባሕር ዳር ላሉ ሰዎች ከጣና በቀጥታ መቅዳት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የሐይቁ ውሃ ጥገኛ ተሕዋስያንንና ደለልን አብሮ ስለሚያመጣ ከመቅዳት መቆጠብ ይሻላል።

የውሃውን ጠባይ ለማወቅ ፒኤች፣ አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት የሚለካ ባለጠብታ መመርመሪያ መግዛት ከማንኛውም ጌጥ የሚቀድም ወጪ ነው። ዓሦቹ የተገዙበት ሱቅ መመርመሪያ ከሌለው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል። ለጌጥ የሚውለውን ገንዘብ ለዚህ ያዋለ ሰው ብዙ ዓሣ ያድናል።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ያለው ወር

ገንዳውን ዛሬ ሞልቶ ነገ ዓሣ ማስገባት በጀማሪዎች ዘንድ ከሁሉ የበዛው የሞት ምክንያት ነው። ዓሣ በስንጥቡና በእዳሪው አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥብን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ጊዜ ሲሰጣቸው በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው አየር ባነሰው በእኛ ውሃ ውስጥ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ናይትሬት ግን እስካልበዛ ድረስ ብዙም አይጎዳም፤ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች፣ ቢቻል ከ20 በታች፣ ሆኖ እንዲቆይ በየሳምንቱ ውሃ መቀየር ይበቃል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ሙቅ ውሃ ባለበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ቀዝቃዛ ቤት ማሞቂያ ከሌለ ከዚህም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው ሌት ተቀን እየሠራ፣ በየቀኑ ቁንጥር የምታህል የዓሣ ምግብ ባዶው ገንዳ ውስጥ ይጣላል። ሲመረመር መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ከፍ ይላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ይታያል። ገንዳው ዝግጁ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ጤነኛና የቆየ ገንዳ ያለው ጎረቤት ወይም ወዳጅ ካለ፣ ከእሱ ማጣሪያ ላይ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ እርጥብ እንደሆነ አምጥቶ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ማስቀመጥ ጊዜውን በብዙ ያሳጥረዋል።

አሞኒያ ምን ያህል እንደሚመርዝ የሚወስነው ፒኤቹ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው ጠቅላላ አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን፣ ፒኤቹ 8 በሆነ ውሃ ውስጥ ግን 5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በመመርመሪያቸው ላይ አንድ ዓይነት የአሞኒያ ቁጥር አይተው የአንዱ ዓሦች በሰላም ሲዋኙ የሌላው ሊያልቁ ይችላሉ።

ድንጋዩና እንጨቱ

በጎጃም ደጋ በየቦታው የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ባዛልት በመሆኑ የውሃውን ጠባይ አይለውጥም፤ በሚገባ ታጥቦና ተቀቅሎ ያለ ሥጋት መግባት ይችላል። ወደ ደጀን ወርዶ ከዓባይ በረሃ የሚለቀመው ነጣ ያለ ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ውሃውን ያጠነክራል (ማዕድኑን ያበዛል)፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። ለመለየት ድንጋዩ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው፤ ከተፍለቀለቀ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ጠንካራ ውሃ ለሚወዱ ዓሦች ይጠቅማል፣ ለስላሳ ውሃ ለሚወዱት ደግሞ ይጎዳል፤ ስለዚህ የድንጋዩ ምርጫ ከዓሣው ምርጫ ጋር አብሮ መወሰን አለበት።

ከእንጨት መካከል ብርብራን ወደ ገንዳው ማቅረብ አይገባም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣን እንደሚያፈዝዝ የጣና ዙሪያ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛፉ ሮቴኖን የተባለ፣ የዓሣ ሰውነት ኦክስጅንን እንዳይጠቀም የሚያግድ መርዝ አለው። ቅጠሉም ፍሬውም ሊረግፍበት በሚችል በረንዳ ላይ የውሃ በርሜል እንኳ ክፍት መተው ተገቢ አይደለም።

አብረው የሚኖሩትን መምረጥ

ዓሦች ተስማሙ የሚባለው ስላልተናከሱ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልጉት ሙቀትና የውሃ ዓይነትም አንድ ሲሆን ነው። ጠባያቸው ተስማምቶ ውሃቸው ካልተስማማ አንደኛው ወገን ሳይታወቅ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል።

ለደብረ ማርቆስ፣ ለእንጅባራና ለሌሎች ብርዳም ከተሞች ማሞቂያ ለማይገዛ ሰው የሚመከረው ጎልድፊሽ ነው። ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል፤ ለጥቂት ጊዜም ከዚያ በታች ያለውን ብርድ ይችላል። ነገር ግን ብዙ የሚበላና ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ፣ ኦክስጅንም በብዛት የሚፈልግ ዓሣ ስለሆነ፣ በ100 ሊትር ውስጥ አካላቸው ድቡልቡል የሆኑት ዓይነቶች ሁለት ቢሆኑ ይበቃል። ከሙቅ ውሃ ዓሦች ጋር ማደባለቅ አይገባም። በክብ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀመጥ ጎልድፊሽ ደግሞ እየታፈነ ያለ ዓሣ ነው፤ ይህ ልማድ ቢቀር እወዳለሁ።

ማሞቂያ ላለው ሰው ጉፒ፣ ፕላቲ፣ ስዎርድቴልና ሞሊ አብረው ይስማማሉ። ሙቀቱ ከ23 እስከ 26 ዲግሪ፣ ፒኤቹ ከ7 እስከ 8 ሲሆን፣ ውሃውም ጠንከር ሲል ይመቻቸዋል፤ የዓባይ በረሃው ድንጋይ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው። ልጆቻቸውን በሕይወት ስለሚወልዱና በፍጥነት ስለሚባዙ፣ በ100 ሊትር ውስጥ ከ10 እስከ 12 ብቻ አስገብቶ ለሚወለዱት ቦታ መተው ይገባል። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ቢሆኑ ወንዱ አንዷን ብቻ አሳድዶ አያደክማትም። ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ግን ለስለስ ያለ፣ ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ። ሁለቱም በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ከ6 ማነስ የለባቸውም፤ አንድ ወይም ሁለት ኒዮን ብቻ የገዛ ሰው ሁልጊዜ የሚደበቅ ዓሣ ነው የሚያገኘው።

ሁለት ወንድ ቤታዎች አብረው አይቀመጡም፤ እስኪሞቱ ይዋጋሉ። ታይገር ባርብ የጉፒንና የአንጀልፊሽን ረጃጅም ክንፍ ይቆርጣል። አንጀልፊሽ ሲያድግ ኒዮንን ይውጣል። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ከራሳቸው ዓይነት ጋር ብቻ መቀመጥ አለባቸው።

ከጣና የተያዘ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ጫጩት አኳሪየም ውስጥ ማስገባት በባሕር ዳር የተለመደ ፍላጎት ነው። ቆሮሶ ቶሎ ያድጋል፣ ግዛቱን ለመጠበቅም ሌሎቹን ይመታል፤ አምባዛ ደግሞ በአፉ የሚገባለትን ሁሉ ይበላል። አምባዛ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል በተበላሸ ውሃ ውስጥም ይቆያል፤ የእሱ በሕይወት መኖር ውሃው ለሌሎቹ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው የአኳሪየም ዓሣን ወይም ተክልን ወደ ጣና፣ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ማንኛውም ወንዝ መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ አድርገን ልንይዘው ይገባል። በጣና በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭም በሌሎች አገሮች ለጌጥ ተብሎ ሲዛወር የተስፋፋ ተክል ነው። አበባው ቢያምርም ወደ ቤት ገንዳ ማምጣት አይገባም። የበዛ ዓሣ ለሌላ አሳዳጊ ይሰጣል እንጂ ለሐይቅ አይሰጥም።

ከአዲስ አበባ ሲመጡ

ብዙዎቹ ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ታስረው ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣሉ፤ መንገዱም ከደጋው ወርዶ የዓባይን በረሃ ሙቀት አቋርጦ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ከረጢቱን በፎም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ከዚህ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይጠብቃቸዋል። ሻጩ ከአንድ ቀን በፊት ምግብ እንዳይሰጣቸው መጠየቅም የከረጢቱን ውሃ ንጹሕ ያደርገዋል።

ቤት ሲደርሱ ያልተከፈተውን ከረጢት 20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ያስተካክለዋል። ከዚያ በኋላ ግን መዘግየት አያስፈልግም። በረጅም ጉዞ ውስጥ በከረጢቱ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚጠራቀም ፒኤቹ ይወርዳልና አሞኒያው ብዙም አይመርዝም። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ ያው አሞኒያ በድንገት መርዝ ይሆናል። ስለዚህ እንደተከፈተ ዓሦቹን በመረብ አውጥቶ ወደ አዲሱ ውሃ ማስገባት፣ የከረጢቱን ውሃ ደግሞ መድፋት ነው። ቀድሞ ዓሣ ያለበት ገንዳ ከሆነ አዲሶቹ በሌላ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ተቀምጠው ጤንነታቸው መታየት አለበት።

ብርድና መብራት መጥፋት

ማሞቂያ ሲገዛ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው ልማድ ለባሕር ዳር ይበቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቤቱ በጣም ለሚቀዘቅዝበት ደጋ ግን ወደ 1.5 ዋት ከፍ ማድረግ ይሻላል። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያምኑ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ማረጋገጥ፣ እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሶኬቱን መንቀል ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ከብርዱ ይልቅ የሚቀድመው ችግር የአየር ነው። በአንድ ኩባያ ከገንዳው ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ቢደረግ፣ ዓሦቹን ያቆያቸዋል፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ደግሞ ይህን ድካም ያስቀራል። መብራት እስኪመጣ ምግብ መስጠት አያስፈልግም። ገንዳውን በጎኖቹ ብቻ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል፤ ከላይ ግን ክፍት መሆን አለበት። ማጣሪያው ዝግ ዓይነት ከሆነና መብራቱ ለሰዓታት ከጠፋ፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ ስፖንጁን አውጥቶ እዚያው ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ፣ መብራት ሲመለስም በማጣሪያው ውስጥ የቀረውን ውሃ ደፍቶ መመለስ ይገባል።

የየሳምንቱ ሥራ

በየሳምንቱ ሩብ ያህሉ ውሃ፣ ለ100 ሊትር ገንዳ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካንና ጥቂት፣ ከታች ከአሸዋው ላይ ቆሻሻውን በሚስብ ላስቲክ እየተወሰደ በቆየ ውሃ ይተካል። የሚገባው ውሃ ከገንዳው በሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይለይ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ከሆነ ጥቂት የፈላ ውሃ ቀላቅሎ ማስተካከል ይቻላል። ባልዲውና ጀሪካኑ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለዩ፣ ሳሙናም ዘይትም ያልነካቸው መሆን አለባቸው። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳው ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም።

ምግብ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሰጣል። እንጀራና ዳቦ መጣል ውሃውን ያበላሻል። ለጎልድፊሽ የተቀቀለና የተላጠ አተር አልፎ አልፎ ቢሰጠው ለሆዱ ይስማማዋል።

ዓሦቹን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ንጋት ነው፤ ሌሊት ተክሎችም ኦክስጅን ስለሚጠቀሙ ውሃው ከሁሉ ይልቅ አየር የሚያጥረው ያን ጊዜ ነው። ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ የዓሦቹ ቁጥር በዝቷል፣ ወይም የውሃው ገጽ በበቂ አይንቀሳቀስም፣ ወይም አሞኒያና ናይትራይት አለ። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሃውን መመርመርና ሩቡን መቀየር ይቀድማል። ናይትራይት ከተገኘ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ጨው መጨመር መርዙ በስንጥባቸው በኩል እንዳይገባ ይረዳል።

በአካላቸው ላይ ስኳር የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ሲወጣ በሽታው በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን፣ የተለመደው ሕክምና ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 29 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ለአሥር ቀን ያህል ማቆየት ነው። ነገር ግን ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ በእኛ ከፍታ ይህ ሕክምና ሁለተኛ የአየር ፓምፕ ሳይጨመር መጀመር የለበትም። ጎልድፊሽም ይህን ሙቀት ስለማይወድ ለእሱ ጨውን መጠቀም ይሻላል፤ ኮሪዶራስ ደግሞ ጨውን አጥብቆ ስለማይችል ለእሱ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላም ሙቀቱ ለጥቂት ቀናት እንዳለ ይቆያል፤ ተሕዋሱ ከዓሣው አካል ወርዶ በአሸዋው ውስጥ የሚራባበት ጊዜ አለውና።